ወፍ በገመድ አይተክልም

ሰሊጥ ደግ አዝመራ ነው፤ እስኪታጨድ ድረስ የሰው ገመና ይሸፍናል። ክፋቱ መታጨዱ አይቀርም።

የባለመሬቱ የሐጅ ሐሰበላ አጫጆች ከሀዋታ በትራክተር ተጭነው የመጡ ዕለት፣ ፈቲያ ማጭዷን ይዛ ከሁሉ ቀድማ ወጣች። ከጎጇቸው ጀርባ ድንበሩን ይዞ የሚሄደውን ጥግ እያሳየች፣ "እሱን ለኔ ተዉልኝ፣ እኔ በእጄ አጭደዋለሁ" አለቻቸው። አጫጆቹ ሳቁባት። "አንቺ ልጅ፣ ያ ቢት፣ ሻዩን አፍይልን!" አላት አለቃቸው። ሻዩ ሳይፈላ ጥጉ ታጭዶ አለቀ። ሰሊጡ በነዶ ታስሮ ሂላ የሚሉት ክምር ሆኖ ሲቆም፣ ክረምቱን ሙሉ በውስጡ ተደብቆ የኖረው ነገር ፀሐይ ላይ ወጣ። ጉልበት የሚደርሱ የሐሻብ ዛፍ ችግኞች ከድንበር እስከ ድንበር፣ እንደ ጁምዓ ሶላት ሰልፍ በአንድ መስመር ቆመዋል።

ፈቲያ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ባለችበት ደርቃ ቀረች።

ማን እንደተከላቸው ከተካዩ፣ ከእሷና ከአላህ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። የተከላቸው ሰውዬ ደግሞ በዚያች ሰዓት ወንዝ ዳር ተቀምጦ፣ "ይቺ ልጅ ምን በድያት ጠላችኝ?" እያለ አፈር በላስቲክ ይሞላ ነበር። ፍቅር የያዘው ወንድ እንዴት እንደሚደነዝዝ እኔ አልነግራችሁም፤ የደረሰበት ያውቀዋል።

ታሪኩን ዛሬ የምትጀምሩ ካላችሁ ባጭሩ ላስይዛችሁ። ዘከሪያ የጭልጋ ልጅ ነው። ድንበር ተሻግሮ የመጣው ሰሊጥ ሊያርም፣ ከዚያ ወደ ካርቱም፣ ከካርቱም ወደ ሊቢያ፣ ከሊቢያ ወደ ባሕሩ ሊል አስቦ ነበር። ካርቱም በጦርነት ስትነድ መንገዱ ተዘጋና ሀዋታ ላይ ቀረ። ሥራ ያገኘው መሽተል ነው። መሽተል የሚሉት ከራሃድ ወንዝ ዳር ያለውን፣ ስደተኛውና የአገሬው ሰው በማኅበር የያዙትን የችግኝ ጣቢያ ነው። እዚያ የሚፈላው ባሕር ዛፍ አይደለም፤ የአገሩ የራሱ ዛፍ ነው፤ ሙጫ የሚለቀምበት ሐሻብ፣ ላሎብ፣ ጣልሕ፣ ቁርቁራ። ትራክተር ሜዳውን ከላጨው ወዲህ ንቡ ጠፍቷል። ዝናብ አብሳሪዋ ስምብሪያም፣ ያቺ እግረ ረጅም ጥቁር ወፍ፣ ማረፊያ እያጣች በላይ በላይ ታልፋለች። መሽተሉ የተከፈተው እነሱን ለመመለስ ነበር።

የመሽተሉ አለቃ አደይ ለተትንሳኤ ናቸው፤ ከሑመራ ተሰደው የመጡ፣ አፋቸው ስለታም፣ ለዘር ግን እጃቸው እንደ አዋላጅ የሚራራ ሴት። አንድ ሕግ አላቸው፦ "ያለ ባለመሬቱ ፈቃድ አንዲት ችግኝ ከዚህ በር አትወጣም።" ዘከሪያ ይህን የሰማው "እግርህን ጠርገህ ግባ" እንደሚባል ተራ ትእዛዝ ነው። ይህን ያዙልኝ።

ፈቲያ የጋሽ ጀማሉ የመጀመሪያ ልጅ ናት። ጋሽ ጀማሉ በወጣትነታቸው ከመተማ ተሻግረው መጥተው፣ በሐጅ ሐሰበላ መሬት ላይ እኩል አራሽ ሆነው አርጅተዋል። ሚስታቸውን የቀበሩት እዚያው፣ የመሬቱ ጫፍ ላይ ነው። ፈቲያና ሁለቱ ታናናሽ እህቶቿ እዚያው ተወልደው ከዚያ መሬት በቀር ሌላ አገር አያውቁም። ጠዋት ጠዋት ፈቲያ ላስቲክ ልትሞላ መሽተል ትመጣ ነበር።

የሐሻብ ዘር የሚዘራው ፈልቶ በወረደ ውሃ ተነክሮ ካደረ በኋላ ነው። አንድ ቀን ዘከሪያ የውሃውን ሙቀት ሊያይ ጣቱን ነከረ። ፈቲያም ነክራ ነበር። ውሃው እስኪበርድ ድረስ ማንም ጣቱን አላወጣም። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ በተቀመጡበት መደብ ሥራ በእጥፍ ይሠራል፣ ወሬ በእጥፍ ይወራል፤ አደይ ለተትንሳኤም አላየሁም ብለው ያልፋሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ፈቲያ ሳይጠይቃት አንድ ነገር አወጋችው።

"እኛ ቤት እኮ ወፍ እንኳ አያርፍም" አለችው። "ልጅ ሳለሁ ስምብሪያ ጣራችን ላይ ትሠራ ነበር፣ ወላሂ። ከጓሮ የነበረችው ዛፍ ስትቆረጥ እሷም ቀረች። እናቴም በዚያው ዓመት ሞተች። ከዚያ ወዲህ ኸላስ፣ ቤታችን ጭር እንዳለ ነው።"

ልባም ወንድ ቢሆን ይህን በሰማ ማግስት ሽማግሌ ይልክ ነበር። ዘከሪያ ግን ነገሩን በልቡ አዞረና፣ "ጎጆ የለኝ፣ ዘመድ የለኝ፣ ነገ የት እንደማድር አላውቅ፤ ጋሽ ጀማሉ ልጃቸውን ለመንገደኛ ይሰጣሉ?" ብሎ ራሱን በራሱ መለሰ። ሽማግሌ በመላክ ፈንታ ችግኝ መረጠ። እነጋሽ ጀማሉ ለለቅሶ ገዳሪፍ የሄዱ ሰሞን፣ በእጁ ያፈላቸውን ሐሻቦች ተሸክሞ ሄደ። አደይ ለተትንሳኤ መደብ የሚያስተካክሉበትን ገመድም ተውሶ፣ ድንበሩን ይዞ፣ ቀጥ አድርጎ ተከለላት። ጠማማ ረድፍ ለፈቲያ አይመጥንም ብሎ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ዘከሪያ ያፈሰሰውን መልቀም እንኳ አልቻለም።

በዚያ አገር ሰሊጥ የዘራ እንግዳ ነው፤ ዛፍ የተከለ ባለመሬት ነው። ሰሊጥና ማሽላ ዓመት ሳይሞላቸው ታጭደው ይሄዳሉ። ዛፍ ግን ቆሞ ይመሰክራል። ባለመሬቱ ሲሞት የተካዩ ልጅ ተነስቶ "ይህን አባቴ ተከለው፣ መሬቱ የኛ ነው" ይላል። ስለዚህ እኩል አራሽ እንኳን ሐሻብ፣ ለጥላ የሚሆን አንድ ቁርቁራም አይተክልም። ይህን የራሃድ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። በዘከሪያ አገር ግን ዛፍ የተከለ ይመረቃል፤ ሰደቃ ነው፣ ወፍ በበላለት ቁጥር ይጻፍለታል ተብሎ ነው ያደገ።

ከለቅሶው ሲመለሱ ዝናቡ ጀምሮ ነበር። ዘከሪያ ፈቲያ በማግስቱ እየሳቀች ትመጣለች ብሎ ፂሙን ተላጭቶ ጠበቃት። አልመጣችም። ሳምንቱም አለፈ፣ ወሩም አለፈ። አንድ ጊዜ ሀዋታ ገበያ ሲያገኛት ቶቧን ፊቷ ላይ ስባ አቀርቅራ አለፈችው። ያን ቀን መሽተል ገብቶ ማንንም ሳያናግር ዋለ። "የሰጠኋትን ናቀችው" አለ በልቡ። ከዚያ ጀምሮ ሰው ቢጠራው እንኳ ሁለቴ ካልሆነ አይሰማም።

አጨዳው በተጠናቀቀ ማግስት አደይ ለተትንሳኤ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ወደተቀመጠበት መደብ በፍጥነት መጡ።

"ዘከሪያ፣ ክረምት መግቢያ ላይ ገመዴን የት ወስደሃት ነበር?"

ቀና ብሎ አያቸው። ፊታቸው እንደ ሌላ ጊዜ የቁጣ አልነበረም፤ የሐዘን ነበር።

"ወደይ፣ ልጄ፣ ምን ሠራህ? የጀማሉን ቤት አፈረስከው እኮ።" አጠገቡ ተቀመጡና የዛፍን ነገር፣ የመሬትን ነገር፣ ሐጁ ሽማግሌ መሰብሰባቸውን አንድ በአንድ ነገሩት። "ሕጉን የነገርኩህ ለምን መሰለህ? ለላስቲኩ ሳስቼ?"

ዘከሪያ በእጁ የያዘው ላስቲክ ተገልብጦ አፈሩ እግሩ ላይ ፈሰሰ፤ እሱ ግን አላወቀውም። እንግዲህ ፈቲያ ያቀረቀረችው ለዚህ ነበር። ንቃው አይደለም፤ ፈርታ ነው። የሚወዳትን ልጅ ሊያስደስት ወጥቶ፣ ክረምቱን ሙሉ በፍርሃት አስተኝቷት ኖሯል። እንዲያ ያለ ጸጸት ሲመጣ ሰው የሚይዘው ያጣል፤ ዘከሪያም ተነስቶ ሮጠ።

ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ከጋሽ ጀማሉ ጎጆ አጠገብ ባለው ዳስ፣ በራኩባው ሥር ተቀምጠው ነበር። ፈቲያ ከሴቶቹ ጋር ደጃፉ ላይ ቆማለች። ታናናሾቿ ከግራና ከቀኝ ቶቧን ይዘዋል።

ሐጅ ሐሰበላ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን ልንገራችሁ፣ ክፉ ቢሆኑ ይቀለን ነበር። ጋሽ ጀማሉ የታመሙ ጊዜ በራሳቸው መኪና ሐኪም ቤት ያደረሷቸው እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ባቢክር ግን ቤቱን ካርቱም ላይ ጥሎ፣ ከነሚስቱ ከነልጆቹ አባቱ ጋ ከገባ ወዲህ፣ መሬት በዓይኑ ሲለካ ይውላል። ያለው ያ ብቻ ነውና አይፈረድበትም።

"ጀማሉ፣ ይህ ምንድን ነው?" አሉ ሐጁ።

ጋሽ ጀማሉ ሞራ የጋረደው ዓይናቸውን ወደ ድምፁ አቀኑ። "ሐጅ፣ እኔ ዓይኔን እንደሚያውቁት ነው። ወፍ ጥሎት ይሆናል። ፍየልም ፍሬውን በልታ በበጠጧ ታበቅለዋለች።"

ሐጁ በትራቸውን አንስተው በረድፉ ላይ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳዩ። "ወፍ በገመድ አይተክልም፣ ጀማሉ።"

ከሽማግሌዎቹ አንዳንዶቹ ፈገግ አሉ። ጋሽ ጀማሉ ፈገግ የሚሉበት ፊት አልነበራቸውም። ባቢክር ደግሞ ሄዶ ከአንዷ ችግኝ አጠገብ ቁጢጥ አለና፣ "ይህንስ ተመልከቱት!" ብሎ ጮኸ። "ዙሪያዋ ተኮትኩቷል። ውሃ መያዣ ተሠርቶላታል። ወፉ ዶማም አለው? እነዚህ ሰዎች እያወቁ ነው ያሳደጉት!"

ዘከሪያ ያኔ ነው ያየው። በእያንዳንዷ ችግኝ ዙሪያ በለሰለሰ አፈር የተሠራ ክብ ነበረ። ክቡም በሽቅቡ በኩል ትንሽ አፍ ነበረው፤ ጎርፉ በዚያ ይግባ ተብሎ። እንዲያ የሚሠራ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። መሽተል ውስጥ፣ "ለምን ክፍት ትተይዋለሽ?" ብሎ ሲጠይቃት፣ "ውሃም እንደ እንግዳ በር ይፈልጋል" ያለችው ፈቲያ ነበረች። የአባቷን ዓይን ድካም ተገን አድርጋ፣ ያንን ጥግ ሁልጊዜ ለብቻዋ እያረመች፣ አንዷንም ሳትዘል ስትንከባከብለት ከርማለች።

ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ፈቲያ ዛሬ ፊቷን አልሸፈነችም። ክረምቱን ሙሉ ያልነገረችውን ሁሉ ያቺ አንዲት እይታ ነገረችው፤ እወድሃለሁ አለችው፣ ፈራሁ አለችው፣ አልቆልናል አለችው። የወንድ ልብ በደስታ ሊፈነዳ የሚገባው ሰዓት ነበር። እሱ ግን ከደስታው ሐፍረቱ በልጦበት ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ።

"እኔ ነኝ የተከልሁት" አለ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። "የኮተኮትሁትም እኔ ነኝ። ጋሽ ጀማሉ የሚያውቁት ነገር የለም። መሽተሉም አያውቅም። አገሬ ዛፍ መትከል ሰደቃ ነው፤ የናንተን ወግ ሳላውቅ ነው። በኔ ይሁን።"

ባቢክር ወደ እሱ ዞረ። "ምናቸው ነህ አንተ?"

ጥያቄው አጭር ነው። መልሱ ግን ከወዲያም ገደል፣ ከወዲህም ገደል ነበር። ምናቸውም አይደለሁም ቢል፣ ምናቸውም ያልሆነ ሰው በሰው ጓሮ ምን ያለፋዋል? ልጃቸውን እወዳታለሁ ቢል ደግሞ፣ የአማች ተክል የአማት ተክል ነውና ጋሽ ጀማሉ መሬት ሊወስዱ አሲረዋል ማለት ነው። ከዚያም ላይ የፈቲያን ስም በሽማግሌ ፊት ማንሳት ነው። ዘከሪያ ዝም አለ። የዝምታው ትርጉም ለሁሉም ገባቸው።

ሐጁ ረጋ ብለው ተናገሩ። "ወንድ ልጅ ቆንጆ ካለችበት ቤት ጀርባ ለሰደቃ ብቻ አይተክልም። እኔም ወጣት ነበርሁ። ለዚች ልጅ ሽማግሌ ልከሃል?"

"አልላክሁም።"

"ልትልክ ታስባለህ?"

ዘከሪያ መሬት መሬት አየ።

"እንግዲያው ስማኝ" አሉ ሐጁ። "እኔ ጀማሉን ላፈናቅል አልፈልግም። ነገ እኔ ስሞት ግን ልጆቼና አማቾቹ በዚህች መስመር ይጋደላሉ። አሁን በነዚህ ሰዎች ፊት ማልልኝ፤ ወደዚህ ቤት ሽማግሌ ላትልክ፣ አማች ሆነህ ላትገባ። ከማልህ አንተና ይህ ቤት በገዛ እጃችሁ ችግኙን ከነሥሩ ትነቅላላችሁ፤ ጀማሉም በመሬቱ ይቀመጣል። ካልማልህ፣ ወይም ምለህ ከካድህ፣ ሰሊጡ ከሂላው ሲራገፍ ቤታቸውን አፍርሰው ይሂዱ።"

"ሐጅ፣ ልጁ እኮ..." ብለው፣ ተከትለውት የመጡት አደይ ለተትንሳኤ ከኋላ ሊናገሩ ጀመሩ። ሴት በማትናገርበት ጉባኤ መናገራቸው ነውና፣ አንዱ ሽማግሌ እጁን አንስቶ አስቆማቸው።

ዘከሪያ ወደ ፈቲያ ተመለከተ። ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች፣ በጣም በቀስታ፣ ከእሱ በቀር ማንም በማያየው መንገድ። አትማል ነው የምትለው። ግን ራሷን ስትነቀንቅ ቶቧ ተንቀሳቀሰና፣ ቶቧን ጨብጠው የያዙት የታናናሾቿ እጆች ታዩት። ጋሽ ጀማሉንም አየ፤ የት ጋ ቆሞ እንዳለ ጠፍቷቸው ባዶ ቦታ እያዩ፣ አንድ እንግዳ ልጅ በእሳቸው ላይ የሚናገረውን ይጠብቃሉ።

"ወላሂል አዚም" አለ ዘከሪያ። "ሽማግሌ አልልክም። ወደዚህ ቤት አማች ሆኜ አልገባም።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሽማግሌዎቹ "ባረከላሁ ፊክ" አሉት። ሻይ መጣ። ዘከሪያ የሰጡትን ብርጭቆ ተቀበለና፣ ሳይጠጣው ሻዩ እጁ ላይ ቀዘቀዘ።

ጋሽ ጀማሉ ዓይናቸው ስለማያይ ከቤቱ ወገን የምትነቅለው ፈቲያ ሆነች። ዶማ ሰጧት። ሽማግሌዎቹ ከራኩባው ሥር ሆነው ያያሉ፤ ባቢክር መለስ ቀለስ እያለ ይቆጣጠራል። ሐሻብ ከላይ ጉልበት ያህል ይሁን እንጂ ወደ ታች ሰው ያህላል። ከአንገቱ ቢቆርጡት መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ስለዚህ ጥልቅ ጉድጓድ መቆፈር ግድ ነበር። አንዷን ችግኝ ለማውጣት ሁለቱም ጎንበስ ብለው፣ ራስ ለራስ ሊነካካ ሲደርስ ነው የሚሆነው። ከመሽተሉ ወዲህ እንዲህ ተቀራርበው አያውቁም።

ፈቲያ ባቢክር ራቅ እስኪል ጠበቀች።

"ሳትጠይቀኝ ተከልህ" አለች ፈቲያ፣ ዓይኗን ከአፈሩ ሳታነሳ። "ሳትጠይቀኝ ማልህ።"

"ፈቲያ..."

"ራሴን ስነቀንቅልህ አይተሃል። አይተህ ነው የማልኸው።"

"ምን ላድርግ? አባትሽና እነዚያ ሕፃናት ሜዳ ላይ ይውደቁ?"

"አውቃለሁ" አለች። "ሌላ የምትለው እንዳልነበረህ አውቃለሁ። የሚያቃጥለኝ እሱ ነው። በድለኸኝ ቢሆን እጠላህ ነበር። መጥላት ያሳርፋል፣ ዘከሪያ። አሁን ምን ልበልህ?"

ሥሩ አልወጣ ሲል በእጁ አፈሩን ፈለፈለ። እሾሁ መዳፉን ቦጨቀው፤ እሷ ደሙን አየችና ልትይዘው እጇን ሰንዝራ፣ ወደ ራኩባው አይታ ተወችው።

"ያን ጊዜ ለምን አልነቀልሻቸውም?" አላት። "አንዲት ቀን ይበቃሽ ነበር። ማንም አያውቅም ነበር።"

"ልነቅል ወጥቼ ነበር። ይኸንኑ ዶማ ይዤ።" ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። "ቅጠሏ ጣት አይሞላም ነበር። እኔ ተወልጄ እዚህ እስክደርስ፣ ይህ ለፈቲያ ነው ብሎ መሬት የቆፈረ ሰው አላውቅም። እንዴት ብዬ ልንቀላት? ሰሊጡ ረዝሞ ሲሸፍናቸው አላህ የሸፈናቸው መሰለኝ። እስከ አጨዳው አላህ መላ ያመጣል አልሁ። ሞኝ ነኝ።"

"ገበያ ላይ ፊትሽን ስትሸፍኚብኝ ናቀችኝ ብዬ ነበር።"

"ባቢክር ከኋላህ ቆሞ ነበር። ፊቴን ቢያይ ያውቅብኝ ነበር፤ ፊቴ ላይ ምን ይደበቃል?"

ባቢክር መጣ። የወጣውን ሥር አገላብጦ አይቶ፣ "ተማም" ብሎ ወደሚቀጥለው አሳያቸው። ተዛወሩ። ጎንበስ አሉ። ዘከሪያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ማለት የሌለበትን ነገር አለ።

"እንጥፋ። ገዳሪፍ እንግባ፤ ከዚያ ቱነይድባ ስደተኛ ካምፕ፣ የትም። ለመሐላውስ ሦስት ቀን ጾሞ ማካካስ ይቻላል ይባላል።"

ፈቲያ ፈገግ አለች፤ ማልቀስ የቀረበው ፈገግታ ነበር። "የአላህ ይቅርታማ ቅርብ ነው። የባቢክር ነው የራቀው። እኔ በጠፋሁ ማግስት ሐጁ 'ካደኝ' ብለው ቤቱን ያፈርሱታል። አባን ማን እጃቸውን ይዞ ያስነሳቸዋል? እህቶቼን ማን? እናቴንስ ከዚያ ጫፍ ነቅዬ ልሸከማት?"

"እሺ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ከአምስት..."

"ያኔም መሬቱ የሐጁ ነው" አለችው። "ከዚያም የባቢክር ነው።"

ጉድጓድ ይቆፍራሉ፣ ሥር ይጎትታሉ፣ ይዛወራሉ። አንዱ ሲደክመው ሌላው ሳይባል ዶማውን ይቀበላል። ከሩቅ ላያቸው፣ አብረው ጎጆ የያዙ፣ ሥራ የተግባቡ ባልና ሚስት ይመስሉ ነበር። ይህን እኔ ብቻ አላልሁም፤ ከራኩባው ሥር አንዱ ሽማግሌ ያንኑ አስቦ ፊቱን አዙሯል።

ረድፉ ሊያልቅ ሲል ጋሽ ጀማሉ በበትራቸው እየዳበሱ፣ በሌላው እጃቸው የውሃ ጣሳ ይዘው መጡ። ጉድጓዶቹን በበትራቸው ጫፍ አንድ በአንድ ነካ እያደረጉ ነው የደረሱት። ዘከሪያ ተነስቶ ቆመ። ሊረግሙት ነው ብሎ ጠበቀ፤ ቢረግሙት ደስ ባለው።

"ጠጣ" አሉት።

ጣሳውን ተቀብሎ ጠጣ።

"የማን ልጅ ነህ?"

ፈቲያ ዶማዋን ያዝ አደረገች። ይህን ጥያቄ አባት የሚጠይቀው መቼ እንደሆነ ታውቃለች።

"የሼህ እንድሪስ ልጅ ነኝ፣ ጋሼ። የጭልጋ።"

"ከቆላው ነው ከደጋው?"

"ከቆላው፣ ጋሼ።"

ጋሽ ጀማሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። "አገሩን አውቀዋለሁ። ከብት ስነዳ አልፌበታለሁ። ደጋግ ሰዎች ናቸው።" ቀጠሉና፣ "አባትህ በሕይወት አሉ?"

"አሉ።"

"አልሐምዱሊላህ። ትሰግዳለህ?"

"እሰግዳለሁ።"

እንዲህ እያሉ ለአማች የሚጠየቀውን ሁሉ ጠየቁት፣ በዝግታ፣ አንዱንም ሳያስቀሩ፤ እሱም ለአማት እንደሚመለሰው አቀርቅሮ መለሰ። ሲጨርሱ እጃቸውን ዘርግተው ትከሻውን ፈለጉና አገኙት።

"ልጄ፣ ምነው ያኔውኑ ሽማግሌ ብትልክ?"

"መንገደኛ ነኝ ብዬ ፈራሁ፣ ጋሼ። ይሰጡኛል ብዬ አላሰብሁም።"

"እኔስ ምንድን ነኝ?" አሉ ጋሽ ጀማሉ። "እኔም መንገደኛ ነኝ። ፈቲያ አንተ ያለህበት መሽተል ደርሳ ስትመጣ ስታንጎራጉር እሰማ ነበር፤ ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ አልታመመም። ዛሬ ይልክ ይሆን፣ ነገ ይልክ ይሆን እያልሁ ስጠብቅህ ነው የከረምሁ። እሰጥህ ነበር። ሳላመነታ እሰጥህ ነበር።"

ጣሳውን ከእጁ ተቀብለው፣ በበትራቸው እየዳበሱ በጉድጓዶቹ መካከል ተመለሱ።

ፈቲያ ጠዋት አላለቀሰችም፣ ሲምልም አላለቀሰችም። አሁን ግን ዶማው ከእጇ ወደቀና አፈሩ ላይ ተቀምጣ፣ ቶቧን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ፣ ድምፅ እንዳይሰማ እየታገለች አነባች። ዘከሪያ ሊያነሳት ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋ። ከራኩባው ሥር ሁሉም ያዩታል። እጁን መልሶ ሰበሰበ።